የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ቁመቱ 1.97፣ ክብደቱ 126 ኪሎ ለሆነ ሰው የትኛው ሳይክል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። ቁመቴ 1 ሜትር ከ97፣ ክብደቴ 126 ኪሎ ነው። የምኖረው አራት ኪሎ፣ የምሠራው ሜክሲኮ ነው። የብስክሌት መስመሮቹ ከተሠሩ ወዲህ ሥራ በሳይክል ለመመላለስ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እንጦጦ ለመውጣት አስቤያለሁ። በፊት የነበረኝ ሳይክል የኋላ ጎማው ሽቦ እየተበጠሰ አስቸገረኝ፤ በመጨረሻም ፔርኖው ተጣመመና ጣልኩት። አሁን አንድ ሱቅ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለው ባለ 26 ኢንች ማውንቴን ባይክ አሳዩኝ። «መቀመጫውን ከፍ ካደረግነው ይሆንሃል» ይሉኛል። ጓደኞቼ ደግሞ ባለ 29 ነው የሚሻልህ ይላሉ። ለእንደኔ ዓይነቱ ሰው የሚሆን ሳይክል አለ? የቱን ልግዛ?
አንባቢያችሁ፣ ከአራት ኪሎ

መልስ፦ አለ። ያሳዩዎትን ግን ይተውት። ለሞላ የሚያወጡትን ገንዘብ በልክዎ የተሠራ ፍሬም፣ በደንብ የተወጠረ የኋላ ቸርኬና አቅም ያለው ፍሬን ላይ ያውሉት። የቀረው ሁሉ ከእነዚህ ሦስቱ በኋላ ይታሰባል።

ከልኩ እንጀምር። መቀመጫ ከፍ ስላለ ትንሽ ሳይክል ትልቅ አይሆንም፤ ይህን በሜትር ለክቶ ማየት ይቻላል። ጫማዎን አውልቀው ጀርባዎን ለግድግዳ ይስጡ። ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ በጭንዎ መሃል ያስገቡና መቀመጫ ላይ እንደተቀመጡ እስኪሰማዎት ወደ ላይ ጠበቅ ያድርጉት። ከወለሉ እስከ መጽሐፉ አናት ይለኩ። በእርስዎ ቁመት 95 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቢመጣ፣ ያንን በ0.88 ሲያባዙት 84 ሴንቲ ይሆናል። ከፔዳሉ መዞሪያ መሃል እስከ መቀመጫው አናት ሊኖር የሚገባው ርቀት ይኸው ነው። አሁን «ትልቅ» ተብሎ የሚሸጠውን ባለ 19 ኢንች ፍሬም ይውሰዱ። የመቀመጫ ቱቦው 48 ሴንቲ ነው። አብሮት የሚመጣው የመቀመጫ ምሰሶ ብዙውን ጊዜ 35 ሴንቲ ሲሆን፣ ቢያንስ 10 ሴንቲው ፍሬሙ ውስጥ መቅረት ስላለበት የሚወጣው 25 ብቻ ነው። መቀመጫው ራሱ 5 ያህል ይጨምራል። ድምሩ 78፤ 6 ሴንቲ ይጎድልዎታል። ሻጩ ይህን ጉድለት የሚሞላው ምሰሶው ላይ ከተጻፈው የመጨረሻ ምልክት በላይ በመሳብ ነው። ከዚያ በኋላ ምሰሶው ፍሬሙን እንደ ፌሮ መፈልቀቂያ ይፈለቅቀዋል። ስንጥቁ ከማጥበቂያው ቡሎን ሥር ይጀምርና ዙሪያውን ይሄዳል። በእርስዎ ክብደት ምልክቱን ማክበር ብቻ አይበቃም፤ የምሰሶው ታችኛ ጫፍ የላይኛው አግዳሚ ቱቦ ከተበየደበት ቦታ በታች ማለፍ አለበት።

ሌላም ችግር አለ። ምሰሶው ወደ ኋላ ያጋደለ ስለሆነ በየ10 ሴንቲው ከፍታ መቀመጫው 3 ሴንቲ ያህል ወደ ኋላ ይሸሻል። ክብደትዎ በሙሉ የኋላ ጎማው ላይ ያርፋል፤ ዳገት ላይ ደግሞ የፊቱ ጎማ መሬት ይለቃል።

እንግዲህ የሚፈልጉት ኤክስኤል ሳይሆን በአብዛኛው ድርብ ኤክስኤል ነው፤ በድሮው አጠራር 22 ወይም 23 ኢንች። ይሁን እንጂ ተለጣፊውን ብቻ አይመኑ፤ የአንዱ አምራች ኤክስኤል የሌላው ኤል ነው። ሱቅ ሲሄዱ ሜትር ይያዙ። የሳይክሉን የኋላ ጎማ ግድግዳ አስነክተው ቀጥ አድርገው ያቁሙት። ከግድግዳው እስከ ፔዳሉ መዞሪያ መሃል ይለኩ፤ ከዚያ ከግድግዳው እስከ መሪው ቱቦ አናት መሃል ይለኩ። ልዩነቱ ሳይክሉ ለእጅዎና ለደረትዎ የሚሰጠው ርዝመት ነው፤ ለእርስዎ ከ49 እስከ 52 ሴንቲ ሊሆን ይገባል። ሁለተኛው ልኬት ከፍታ ነው፦ ከወለሉ እስከ መሪው ቱቦ አናት ካለው ላይ ከወለሉ እስከ ፔዳሉ መዞሪያ ያለውን ይቀንሱ። 65 ሴንቲና ከዚያ በላይ ከሆነ ደህና ነው። ከዚያ ካነሰ መሪው ከመቀመጫው እጅግ ዝቅ ይልና መዳፍና ወገብ ይጎዳል። ጥቂት ሴንቲ ብቻ ከጎደለ ወደ ላይ የታጠፈ መሪ ያካክሰዋል። አዳዲስ ፍሬሞች የመቀመጫ ቱቦአቸው ሆን ተብሎ አጭር ስለሚሆን በእነሱ ላይ ባለ 45 ሴንቲ ምሰሶ መጠቀም ነውር የለውም፤ ብቻ ውስጥ የሚገባው በቂ ይሁን፣ ውፍረቱም 30.9 ወይም 31.6 ሚሊ ሜትር ይሁን። 27.2ን ለእርስዎ አንመክርም።

ወደ ቸርኬው እንምጣ፤ ያለፈው ሳይክልዎ የሞተው እዚሁ ላይ ነው። ሽቦ የሚበጠሰው ክብደት በዝቶበት በአንድ ጊዜ አይደለም። ጎማው በዞረ ቁጥር ከታች ያለው ሽቦ ለቅጽበት ይላላል፣ ከዚያ መልሶ ይወጠራል። ባለ 29 ጎማ በአንድ ኪሎ ሜትር 430 ጊዜ ያህል ይዞራል። ሽቦው ከመጀመሪያው በደንብ ካልተወጠረ በየዙሩ ጨርሶ ይላላል፤ ክርኑ ላይ እየታጠፈ እየተቃና ይደክምና ይቆረጣል። በማሽን ተሰብስቦ በካርቶን የሚመጣ ቸርኬ አብዛኛውን ጊዜ ልል ነው። 70 ኪሎ ሰው ሳያውቀው ለዓመታት ይነዳዋል፤ በ126 ኪሎ ግን ችግሩ በጥቂት ወራት ይወጣል። የተበጠሰውን አንዱን ብቻ እየተኩ መቀጠልም አያዋጣም። ሦስተኛው ሽቦ ሲበጠስ የቀሩትም ደክመዋል ማለት ስለሆነ ሁሉንም በአዲስ መቀየር ይሻላል።

ሲገዙ የኋላውን ሽቦ ይቁጠሩ። 36 ከሆነ እሰየው፣ 32 ይበቃል፣ 28 ከሆነ ይተውት። ቸርኬው ባለ ሁለት ግድግዳ መሆኑን ያረጋግጡ። ጎማው ወልቆ ሲታይ የሽቦው ዳዶ ጭንቅላት ከውስጥ ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ከታየ ባለ ሁለት ግድግዳ ነው፤ ላዩ ላይ ጉጥ ብሎ ከተቀመጠ ባለ አንድ ነው። ሽቦው ጫፍና ጫፉ 2 ሚሊ ሜትር፣ መሃሉ 1.8 ቢሆን ይመረጣል። መሃሉ የሳሳ ሽቦ ደካማ ይመስላል እንጂ ሥራው ሌላ ነው፤ እንደ መለጠጥ ስለሚል ጫናው ክርኑ ላይ አይከማችም። ዳዶው የነሐስ ይሁን። ከዚያ ሳይክሉ ከሱቅ ከመውጣቱ በፊት ቸርኬ ማቃናት ለሚያውቅ ባለሙያ ይስጡት። በሰንሰለቱ በኩል ያሉት የኋላ ሽቦዎች ከ100 እስከ 120 ኪሎ ግራም ጉልበት ይወጠሩ። ባለሙያው ጎን ለጎን የሚሄዱትን ሁለት ሁለት ሽቦ በእጁ ጨምቆ ያርጋቸው፤ ይህ ካልተደረገ ሽቦዎቹ ዳገት ላይ ቀጭ ቀጭ እያሉ ራሳቸው ይረጋሉ፣ ውጥረታቸውም ይቀንሳል። ከመጀመሪያው 100 ኪሎ ሜትር በኋላ ድጋሚ ያስፈትሹ። ለዚህ የሚከፍሉት ገንዘብ ሳይክሉ ላይ ከሚያወጡት ሁሉ የበለጠ የሚጠቅምዎ ነው።

ፔርኖው የተጣመመበት ምክንያት ደግሞ የኋላ ጥርሱ ዓይነት ሳይሆን አይቀርም። ባለ 6 እና ባለ 7 ማርሽ ርካሽ ሳይክሎች ላይ ጥርሱ ፍሪዊል ነው፤ ሙሉው ክፍል እንደ ዳዶ እየዞረ ቸርኬው መሃል ላይ ይጠመጠማል። በዚህ አሠራር የቀኙ ኩሽኔታ ወደ ውስጥ ስለሚገባ ፔርኖው ያለ ድጋፍ ረጅም መንገድ ይወጣል፤ የሚጣመመውም የሚሰበረውም እዚያ ላይ ነው። እርስዎ ካሴት (ጥርሶቹ ብቻ ተሰክተው የሚገቡበት ዓይነት) ያለው ይምረጡ፤ በካሴት ኩሽኔታው ከፍሬሙ አጠገብ ይቀመጣል። ሱቅ ውስጥ ለመለየት ጥርሶቹን ወደ ኋላ ያሽከርክሩና መሃል ላይ ያለውን የመፍቻ ማስገቢያ ይዩ። ከጥርሶቹ ጋር አብሮ ከዞረ ካሴት ነው፤ እሱ ቆሞ ጥርሶቹ ብቻ ከዞሩ ፍሪዊል ነው። ከተገኘ 12 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ፍሬሙን ከዳር እስከ ዳር የሚያልፍ ፔርኖ ያለውን ይውሰዱ።

26 ወይስ 29 ለሚለው፣ ጓደኞችዎ ልክ ናቸው። ትልቁ ጎማ የኮብልስቶን ስንጥቅና የመንገድ ጉድጓድ ላይ አይሰምጥም፤ በትልቅ ፍሬም ላይ ሚዛኑም ይገጥማል። ጉዳቱ ሽቦው ስለሚረዝም ቸርኬው ወደ ጎን ለመጣመም ይቀለዋል፤ ከላይ ስለ ሽቦ ቁጥር አጥብቀን የተናገርነውም ለዚህ ነው። መለዋወጫው እንደ 26 በየቦታው ስለማይገኝ ሳይክሉን ሲገዙ ሁለት ከመነዳሪና አንድ ጎማ አብረው ይያዙ። ሲቸግርዎ ጎማው ጎን ላይ 622 የሚል ቁጥር ያለበት ሁሉ ለባለ 29 ቸርኬ ይገጥማል፤ «28» እና «700» ተብለው ከሚሸጡት ብዙዎቹ እዚህ ውስጥ ናቸው። የአሮጌው 28 ሳይክል 635 ግን አይገባም፤ ስለዚህ ቁጥሩን ያንብቡ። የአየር መግቢያው የመኪና ዓይነት ይሁን፤ ቀጭኑን ዓይነት ጎሚስታ ቤት መንፋት አይችሉም።

ጎማው ቢያንስ 2.4 ኢንች ስፋት ይኑረው። ከመነዳሪ ላለው ጎማ መነሻ ይሆንዎ ዘንድ ከኋላ 36 ፒኤስአይ፣ ከፊት 29 ያድርጉ፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ መጠን አይለፉ። ጉድጓድ ላይ ቸርኬው ሲመታ ከተሰማዎ 2 ይጨምሩ። በሁለት ትይዩ ቀዳዳ የተበሳ ከመነዳሪ ካዩ ሚስማር አይደለም፤ አየር አንሶ ቸርኬው ቆንጥጦት ነው። ጎሚስታ ቤት ሲያስነፉ ባለሙያው ትንሽ ትንሽ እንዲሰጥ ይንገሩት። የመኪና ጎማ የለመደ እጅ ሳይክል ጎማን በሰከንድ ውስጥ ያፈነዳዋል።

ፍሬን። እርስዎ 126፣ ሳይክሉ 16፣ ቦርሳና ውኃ 8 ቢባል 150 ኪሎ ነው። ከእንጦጦ ማርያም እስከ ስድስት ኪሎ ከ500 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳሉ፤ በዚያ መንገድ ፍሬኑ የሚውጠው ሙቀት 70 ኪሎ ሰው የሚያመነጨውን አንድ ተኩል እጥፍ ያልፋል። በሽቦ የሚሳብ፣ ቸርኬ የሚነክስ የጎማ ፍሬን ለዚህ አይሆንም። ክረምት ላይ ሲረጥብ አይዝም፤ በጋ ላይ ደግሞ ቸርኬውን አግሎ ከመነዳሪ ያፈነዳል። በዘይት የሚሠራ የዲስክ ፍሬን ይውሰዱ፤ የፊቱ ዲስክ 203፣ የኋላው 180 ሚሊ ሜትር ይሁን። ከ160 ወደ 203 ሲያድግ በዚያው የጣት ጉልበት የመያዝ አቅሙ ሩብ ያህል ይጨምራል፣ ሙቀቱንም ቶሎ ይተነፍሳል። ብቻ ፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ) ስንት እንደሚፈቅድ አስቀድመው ይጠይቁ፤ 180 ላይ የሚያቆሙ አሉ። የብረት ቅልቅል ያለው ሸራ በጭቃና በሙቀት ከሌላው ይቆያል። አዲስ ሸራ ሲገባ በሜዳ መንገድ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ እየሄዱ ሳይቆሙ ጠበቅ አድርገው ይያዙና ይልቀቁ፤ ይህን 20 ጊዜ ያህል ይደጋግሙት። ሳያሟሹት በቀጥታ ወደ እንጦጦ ከሄዱ ሸራው ይነጸባረቅና ይጮሃል፣ አይዝም። ቁልቁል ላይም ፍሬኑን እየጎተቱ አይውረዱ፤ ጠንከር አድርገው ይያዙ፣ ይልቀቁ፣ ይቀዝቅዝ።

አንድ ማስጠንቀቂያ እዚህ ላይ ይያዙልን። የሺማኖ ፍሬን የሚጠቀመው የማዕድን ዘይት ነው። የመኪና መለዋወጫ ቤት የሚሸጠው ዶት 4 ፈሳሽ ከተጨመረበት የውስጡ ጎሚኒ ያብጣል፣ ፍሬኑ ይበላሻል። በአንጻሩ ብዙ የስራም ፍሬኖች ዶት ነው የሚፈልጉት። ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ ማንም እንዲሞላልዎ አይፍቀዱ።

ስለ ሞላ አጭር እንሁን። የኋላ ሞላውን ይርሱት። ለእርስዎ ክብደት የሚስተካከል የኋላ ሞላ ውድ ነው፤ ርካሹ ደግሞ ሲቀመጡበት ወደ መጨረሻው ይወርድና የፔዳል ጉልበትዎን ይበላል፤ በየመጋጠሚያው ያለው ቡሺንግም ቶሎ ይላላል። ከፊት ባለ ብረት ሞላ ፎርክ ከሆነ የሚሠራው ለመካከለኛ ሰው ነው፤ በእርስዎ ስር ሁልጊዜ ተጨፍልቆ ይሄዳል። ወይ ምንም ሞላ የሌለው ጠንካራ የብረት ፎርክ ከ2.6 ኢንች ጎማ ጋር፣ ወይ በአየር የሚሠራ፣ ቱቦው 34 ወይም 35 ሚሊ ሜትር የሆነ ፎርክ ይያዙ። ባለ 120 ሚሊ ሜትር የአየር ፎርክ ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡበት ከ24 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ይውረድ፤ ከዚያ ከበለጠ አየር ይጨምሩ። የሚነፋው በራሱ ትንሽ የእጅ ፖምፓ ብቻ ነው፤ ጎሚስታ ጋ ፈጽሞ አይውሰዱት።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገርም አለ። ከባሕር ወለል አጠገብ የተገጣጠመ ፎርክ የታችኛው እግሩ ውስጥ የዚያን ቦታ አየር ይዞ ነው የሚመጣው። አዲስ አበባ ላይ የውጭው አየር ስለሚሳሳ ያ የታፈነው አየር 3 ፒኤስአይ ተኩል ያህል ትርፍ ግፊት ይሆናል፤ ፎርኩም ድርቅ ይላል፣ ሙሉ ርቀቱንም አይሄድም። ጠርዙ ያልሾለ ቀጭን የፕላስቲክ ማሰሪያ በጎሚኒውና በቱቦው መሃል በዝግታ አስገብተው አየሩ «ፍስ» ብሎ እስኪወጣ ይያዙት። ቱቦውን እንዳይጭሩት ብረት ነገር አይጠቀሙ።

ማርሹን በቁጥር እንየው። 150 ኪሎ ይዘው 10 በመቶ ዳገት በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ለመውጣት 290 ዋት ገደማ ያስፈልጋል፤ ይህ በአዲስ አበባ ከፍታ ከባድ ሥራ ነው። ርካሽ ሳይክል ላይ ትንሹ የፊት ጥርስ 28፣ ትልቁ የኋላ ጥርስ 28 ሆኖ ሲመጣ እግርዎ በደቂቃ 43 ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ ጉልበት የሚታመመው እንዲህ ሲረገጥ ነው። ከፊት 30፣ ከኋላ 51 ቢሆን በዚያው ፍጥነት 74 ጊዜ ይዞራሉ፣ እፎይ ይላሉ። የድሮው ባለ ሦስት የፊት ጥርስ 22 በ34ም ከሺሮ ሜዳ በላይ ላለው ዳገት ይሆናል። የፔዳሉ ክንድ 175 ሚሊ ሜትር ይሁን።

የክብደት ገደቡን ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። አምራቾች በመመሪያቸው የሚጽፉት የሰውን ክብደት ብቻ ሳይሆን የሰው፣ የሳይክልና የዕቃ ድምር ሊሆን ስለሚችል በደንብ ያንብቡት። ብዙ የተራራ ብስክሌቶች ላይ ድምሩ 136 ኪሎ አካባቢ ነው፤ እርስዎ 150 ነዎት። ገደቡን ያለፈ ሳይክል በዚያው ቀን አይሰበርም፤ ለዓመታት የታሰበው ድካም በወራት ይጠራቀምበታል እንጂ። የተጻፈው ቁጥር ከ150 ካነሰ ቀለሙ ምንም ያህል ቢያምር ይለፉት። ካልተጻፈ ደግሞ የለውም ብለው ይቁጠሩት።

ያገለገለ የሚገዙ ከሆነ ፍሬሙን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ የስልክዎን መብራት በጎን እያበሩ ሦስት ቦታ ይዩ፦ ከመሪው ቱቦ ሥር ያለውን ብየዳ፣ የመቀመጫ ምሰሶ ማጥበቂያውን ዙሪያ፣ ከፔዳሉ ወደ ኋላ ጎማ የሚሄዱትን ቱቦዎች። ቀጭን ጥቁር መስመር ካዩ በጥፍርዎ ይሞክሩት፤ ጥፍር ከያዘ ስንጥቅ ነው። የብረት ፍሬም በጥሩ በያጅ ይድናል። አልሙኒየም ግን ተበይዶ አይዳንም፤ የብየዳው ሙቀት ፋብሪካው የሰጠውን ጥንካሬ ስለሚያጠፋው ከስፌቱ አጠገብ እንደገና ይሰነጠቃል። ያገለገለ ካርቦን ደግሞ ጉዳቱ ከላይ ስለማይታይ አይግዙ።

ጥያቄ፦ ክብደቴ 110 ኪሎ ነው። ሰንሰለት ቀይሬ ከለገሃር ወደ ፒያሳ ቸርችል ጎዳናን ስወጣ ፔዳሉ ድንገት እየከዳ ይዘላል። አዲሱ ሰንሰለት ብልሹ ይሆን?
አንባቢያችሁ፣ ከፒያሳ

መልስ፦ ሰንሰለቱ ጤነኛ ነው፤ ያረጀው ካሴቱ ነው። የድሮው ሰንሰለት እየረዘመ ጥርሱን በራሱ ልክ በልቶታል፤ አዲሱ እዚያ ላይ አይቀመጥም። የሚዘልበትን ማርሽ ልብ ይበሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ከሁሉ የበለጠ የሚጠቀሙበት ነው። ካሴቱን ይቀይሩ፣ የፊቱንም ጥርስ ይዩት፤ ጫፉ እንደ እሾህ ከሾለ አብሮ ይቀየር። ለወደፊቱ ሰንሰለቱን በማስመሪያ ይለኩ፦ ከአንዱ ፒን መሃል ጀምሮ 24 ክፍተት ሲቆጠር አዲስ ሰንሰለት 304.8 ሚሊ ሜትር ነው። 306 ተኩል አካባቢ ሲደርስ ከቀየሩት ካሴቱ ሁለትና ሦስት ሰንሰለት ያገለግላል። በእርስዎ ክብደትና በዚህ ከተማ ዳገት፣ በተለይ ክረምት ላይ በጭቃ ከነዱ፣ በየወሩ መለካት አይበዛም።

ጥያቄ፦ ወንድ ልጄ 15 ዓመቱ ነው፤ 1 ሜትር ከ86 ደርሷል፣ ገና እያደገ ነው። አሁኑኑ ትልቁን ልግዛለት?
እናት፣ ከካዛንችስ

መልስ፦ ሁለት መጠን ዘለው አይግዙ። ያልደረሰበት ሳይክል መሪው ስለሚርቀው ቁልቁል ላይ ፍሬኑን በደንብ መጨበጥ ያቅተዋል። በሁለት መጠን መሃል ከወደቀ ግን ትልቁን ይውሰዱለት፤ ሁለት እግሩን መሬት አስረግጦ ሳይክሉን በጭኑ መሃል ሲያቆም በአግዳሚው ቱቦ ላይ ቢያንስ 3 ሴንቲ ክፍተት ይኑረው። መሪውን የሚይዘው ክንድ በአጭሩ ይጀምርና ሲያድግ በረጅሙ ይቀየራል፤ ዋጋውም ከባድ አይደለም። የመቀመጫውን ምሰሶ በየሦስት ወሩ አውጥቶ ጠርጎ፣ ግራሶ ቀብቶ እንዲመልሰው ያስለምዱት። ሳይነካ ክረምት ካለፈበት ፍሬሙ ውስጥ ይጣበቃል፤ ልጁ ሲረዝም ከፍ ማድረግ አይቻልም።